ጥርስ፣ ጨጓራ፣ ፋንድያ፦ የእንስሳትን አመጋገብ ለማስተማር የሚደራጅ ስብስብ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጥቅምት፣ የመጀመሪያው ሳምንት

በማስተምርበት የደብረ ብርሃን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ውስጥ ባዶውን የኖረ ባለ መስታወት ቁም ሣጥን ስላለ፣ ከባዮሎጂ ክበብ ተማሪዎች ጋር ስለ እንስሳት አመጋገብ የሚያስተምር ስብስብ ልናደራጅበት ተስማምተናል። ይህ ማስታወሻ ሥራው በገፋ ቁጥር የሚጨመርበት ሲሆን፣ በሌላ ትምህርት ቤት ተመሳሳይ ሥራ ለመጀመር የሚያስብ መምህር እንዲጠቀምበት ዘዴውንም አብሬ አሰፍራለሁ።

ትምህርቱ በተለምዶ የሚሰጠው ሰሌዳ ላይ ሦስት ዐምድ በማስመር ነው። ዕፅ በል በሚለው ሥር ላም፣ በግና አህያ ይጻፋሉ፤ ሥጋ በል በሚለው ሥር አንበሳ፣ ጅብና ድመት፤ ሁሉን በል በሚለው ሥር ደግሞ ሰው፣ አሳማና ዶሮ። ተማሪው ዝርዝሩን ሸምድዶ ለፈተና ያቀርባል፣ ከፈተናው በኋላም ይረሳዋል። እኔ የምፈልገው ግን ስሙ ያልተነገረው መንጋጋ ሲሰጠው አገላብጦ ተመልክቶ «ይህ እንስሳ እንዲህ ያለ ምግብ ይበላ ነበር፤ ማስረጃዬም ይህ ነው» ማለት የሚችል ተማሪ ነው። ስለዚህም ስብስቡን በሦስት ዐይነት ማስረጃ ላይ ለመመሥረት ወስነናል፤ በጥርስ፣ በሆድ ዕቃና ከሆድ በሚወጣው ነገር።

እጃችንን ከማስገባታችን በፊት ደንብ ጽፈን በግድግዳው ላይ ለጥፈናል። ሜዳ ላይ ወድቆ የተገኘ በድንም ሆነ አጥንት አይነሣም፤ አባ ሰንጋ በገደለው እንስሳ አጥንት ላይ የበሽታው ዘር ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ሊቆይ ስለሚችል፣ የደረቀ መሆኑ ብቻ ዋስትና አይሰጥም። በእብድ ውሻ በሽታ ምክንያትም የውሻ ጭንቅላት በማንኛውም ሁኔታ በተማሪ እጅ አይጸዳም። የበግና የበሬ ጭንቅላት በሐኪም ታይቶ ከታረደ ከብት፣ በሥጋ ቤት በኩል እንቀበላለን፤ የአህያና የውሻ ራስ ቅል ግን ቀድሞ ጸድቶ የተቀመጠ ከአንድ የእንስሳት ሕክምና ማስተማሪያ ክፍል ተውሰናል። የዱር እንስሳትን አካል ያለ ፈቃድ መያዝ በሕግ የተከለከለ በመሆኑ፣ እነርሱን በሥዕልና በሸክላ ጭቃ ቅርጽ ብቻ እናሳያለን።

ጥቅምት፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ሳምንት

ተማሪዎቹ «ጋሼ» የሚሏቸው የሥጋ ቤት ባለቤት የበግና የበሬ ጭንቅላት በነጻ ሰጥተውናል። ጽዳቱ ከታሰበው በላይ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው። ቆዳው ተገፎ፣ ምላሱ፣ ዓይኑና አንጎሉ ከወጣ በኋላ ጭንቅላቱ ውሃ በተሞላ ግማሽ በርሜል ውስጥ ይቀመጥና ከሥሩ ለስለስ ያለ እሳት ይነድበታል። ውሃው በደንብ ይሞቃል እንጂ እንዲንተከተክ አይፈቀድለትም፤ ኃይለኛ ፍላት ስቡን ወደ አጥንቱ ውስጥ ከማስረጉም በላይ የአፍንጫውን ስስ አጥንቶች ይገነጣጥላል፣ ጥርሱንም ይሰነጥቃል። ሥጋው ሲለቅ በቢላ ጀርባና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይጠረጋል። ከዚያ በዱቄት ሳሙና በተበጠበጠ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፍና፣ በውሃው ፊት ላይ ስብ መንሳፈፉን እስኪያቆም ድረስ ውሃው እየተቀያየረ ይሰነብታል።

ለማንጣት የምንጠቀመው ከመድኃኒት ቤት የሚገዛውን 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ነው። በረኪና ርካሽ በመሆኑ ብዙ ሰው ይመክረዋል፤ ነገር ግን አጥንቱን እየበላ ስለሚያመነምነውና ከደረቀም በኋላ መፈርፈሩን ስለማያቆም ከሥራችን አውጥተነዋል። ሌላው ሊታሰብበት የሚገባው ነገር የበግ የታች የፊት ጥርሶች አያያዛቸው የላላ መሆኑ ነው፤ ሥጋው ሲለቅ እነርሱም አብረው ይወልቃሉ። ስለዚህ እያንዳንዱን ራስ ቅል ገና ከመጀመሪያው በሽንኩርት መረብ ከረጢት አስረን ስለዘፈዘፍነው የወለቀው ጥርስ ሁሉ ከየባለቤቱ ጋር ቀርቷል፤ ሲደርቅ በሱፐር ግሉ ወደ ቦታው ይመለሳል።

ጥቅምት መጨረሻ

በጉ፣ አህያውና ውሻው ጎን ለጎን ጠረጴዛ ላይ ቀርበዋል። ከመላው ሥራ እስካሁን እጅግ የረካሁበት ይህ ነው።

በጉ በላይኛው መንጋጋ ፊት ለፊት ምንም ጥርስ የለውም። በታች ያሉት 8 የፊት ጥርሶች የሚገጥሙት ጠንካራ ድድ ከነበረበት የአጥንት ጠርዝ ጋር ነው፤ ሣሩን በዚህ ይዞ ይነጨዋል። ከፊት ጥርሶቹ ቀጥሎ ሰፊ ባዶ ቦታ አለ፤ ከዚያ በላይም በታችም፣ በግራም በቀኝም ስድስት ስድስት የመንጋጋ ጥርሶች ተደርድረዋል፤ ድምሩ 32 ይሆናል። ከገጠር የመጡ ተማሪዎች እዚህ ላይ መምህር ሆነዋል፤ በግ ገበያ ላይ የበግን ዕድሜ ከታች የፊት ጥርሶቹ የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና፣ የወተት ጥርሱ ወልቆ የመጀመሪያው ጥንድ ቋሚ ጥርስ በአንድ ዓመት ወይም በአንድ ዓመት ተኩል ገደማ እንደሚበቅል፣ ሌሎቹም ጥንድ ጥንድ እየሆኑ እንደሚከተሉ ለከተማ ልጆች አስረድተዋል።

የመንጋጋ ጥርሱ ፊት ጨረቃ ቅርጽ ባላቸው ጠንካራ ሸንተረሮች የተሞላ ነው። ሸንተረሩ የተሠራበት የላይኛው ሽፋን ጠንካራ ሲሆን በመካከሉ ያለው ክፍል ለስለስ ያለ በመሆኑ ፈጥኖ ያልቃል፤ ስለዚህ ጥርሱ ባለቀ ቁጥር ሸንተረሩ ይበልጥ ጎልቶ ይወጣል፣ ልክ ራሱን በራሱ እንደሚሞርድ ሞረድ። የአህያው ደግሞ በላይም በታችም ስድስት ስድስት የፊት ጥርሶች ስላሉት ሣሩን ከመሬት አስጠግቶ ይቆርጣል። ሁለቱም በአንድ ዐምድ የሚጻፉ እንስሳት ሆነው ሳለ የአፋቸው አሠራር እንዲህ የተለያየ ነው።

ውሻው 42 ጥርስ አለው። ከክራንቻው ይልቅ ተማሪዎቹ እንዲያስተውሉ የፈለግሁት ወደ ኋላ ያሉትን ሁለት ጥርሶች ነበር፤ የላይኛው የመጨረሻው ፊተኛ መንጋጋና የታችኛው የመጀመሪያው ኋለኛ መንጋጋ እርስ በርስ ሲተላለፉ እንደ መቀስ ይቆርጣሉ። ሥጋ በል አጥቢዎችን ከሌላው የሚለየው ዋናው ምልክት ይህ ጥንድ ነው። ከእነርሱ በስተኋላ ግን ጠፍጠፍ ያሉ መጨፍለቂያ ጥርሶች አሉ፤ እነዚህ በድመት አፍ ውስጥ ከሞላ ጎደል ጠፍተዋል፣ የድመት ጥርስም በጠቅላላው 30 ብቻ ነው። የውሻው ጥርስ ሥጋ ብቻ ለመብላት እንዳልተሠራ የሚያሳየውን ይህን ነገር በካርድ ላይ አስፍረን ለኋላ አቆይተነዋል።

አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የበጉን የታች መንጋጋ ከላይኛው ጋር አጋጥማ ወደ ጎን ስታንቀሳቅሰው ያለ ችግር ተንሸራተተላት፤ የውሻውን እንዲሁ ለማድረግ ስትሞክር ግን አልነቃነቅ አላት። ምክንያቱ መገጣጠሚያው ላይ ነው፤ የበግ መገጣጠሚያ ጠፍጣፋ ስለሆነ መንጋጋው ወደ ጎን እየሄደ ይፈጫል፤ የውሻ ግን እንደ ማጠፊያ ክብ ጉድጓድ ውስጥ ስለገባ ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ይከፈታል። ይህንን በእጁ የሞከረ ሰው ዳግመኛ አይረሳውም ብዬ አምናለሁ።

ኅዳር፣ የመጀመሪያዎቹ ቀናት

ጾመ ነቢያት ከመግባቱና የሥጋ ቤቶች ሥራ ከመቀዝቀዙ በፊት የሆድ ዕቃውን ክፍል መጨረስ ነበረብን። ከታረደ በግ ሙሉውን ሆድ ዕቃ ወስደን አራቱን ክፍሎች በየተራ ከፍተናል። የመጀመሪያውና ትልቁ ክፍል ውስጡ በደቃቅ ጉጦች የተሸፈነ ነው፤ ሁለተኛው የማር እንጀራ የሚመስል መረብ አለው፤ ሦስተኛው በየቤቱ ሽንፍላ የሚባለውና ቅጠል በቅጠል ላይ የተደራረበው ነው፣ ማጠቡም አድካሚ የሚሆነው በእነዚሁ ቅጠሎች ምክንያት ነው። አሲድ የሚያመነጨውና ከእኛ ጨጓራ ጋር የሚመሳሰለው አራተኛው ብቻ ነው። ቀጭኑን አንጀት በሜዳው ላይ ዘርግተን ስንለካው ወደ 25 ሜትር ተጠግቷል። የበግ አንጀት በጠቅላላው የሰውነቱን ርዝመት ከ25 እጥፍ በላይ ሲሆን የውሻ 6 እጥፍ ገደማ ነው፤ ሥጋ በቀላሉ የሚፈጭ ምግብ በመሆኑ ረጅም መንገድ አያስፈልገውም።

ከሁሉም በላይ ግን ፈርሱ ነው ያስተማረን። ገና ትኩስ ሳለ በነጠላ ጨርቅ አጥልለን ጭማቂውን በፔርሙስ ወደ ቤተ ሙከራ አመጣነው። አንድ ጠብታ በማይክሮስኮፕ መቶ ጊዜ አጉልተን ስናይ መስኩ ወዲያና ወዲህ በሚራወጡ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረታት የተሞላ ነበር፤ በመጠን ከእነርሱ የሚያንሱት ባክቴሪያዎች በቁጥር እጅግ ይበልጣሉ። ከዚያ ጭማቂውን በሁለት ጠርሙስ ከፍለን፣ አንደኛውን አፍልተን ካቀዘቀዝነው በኋላ፣ በሁለቱም ውስጥ የተፈጨ ደረቅ ሣር ጨምረን አፋቸውን በፊኛ አሰርን። የበግ ሆድ ሙቀት ወደ 39 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሆነ ጠርሙሶቹን በዚያው ሙቀት ባለ የውሃ ባልዲ ውስጥ አቆምናቸው። ባልፈላው ጠርሙስ ላይ ያለው ፊኛ ተነፋ፤ የፈላው ግን እንደተጨማደደ ቀረ። ጋዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ተቀጣጣይ የሆነው ሚቴን በመሆኑ በአካባቢው እሳት እንዳይኖር ማድረግ ግዴታ ነው። አንዲት ላም በቀን ከ250 እስከ 500 ሊትር የሚደርስ ሚቴን በግሳት ታስወጣለች።

በጉ የሣርን ጠንካራ ግድግዳ የሚያፈርስ የራሱ ኬሚካል የለውም፤ የሚያፈርሱለት እነዚህ ደቂቃን ናቸው፤ በጉም ኃይሉን በአብዛኛው የሚያገኘው እነርሱ ከሚያመነጩት አሲድ ነው። ደቂቃኑ ራሳቸው ደግሞ ከምግቡ ጋር ወደ አራተኛው ክፍል ሲወርዱ ተፈጭተው ዋነኛ የፕሮቲን ምንጭ ይሆኑታል። አንድ ተማሪ ይህን ሲሰማ «ታዲያ በጉ ዕፅ በል ነው ማለት እንችላለን?» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። ዕፅ በል የሚለው ስያሜ የሚነግረን በአፍ የሚገባውን ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለሚሆነው ሌላ አመዳደብ ያስፈልጋል፤ ምግቡን በፊተኛው ሆድ የሚያብላሉ፣ በኋለኛው አንጀት የሚያብላሉ፣ ጨርሶ የማያብላሉ። ካርዶቻችን ላይ ይህ ራሱን የቻለ መስመር ሆኖ እንዲገባ ተወስኗል።

ከኅዳር 15 በኋላ

ሥጋ ቤቶች ስለቀዘቀዙ ወደ ፋንድያው ተሻግረናል። ተመሳሳይ ጭድ ከሚበሉ በሬና አህያ እበትና ፋንድያ ወስደን በወንፊት ላይ ውሃ እያፈሰስን አጠብናቸው። ከበሬው የተረፈው ላም ያለ፣ ደቃቅ ጭረት ነው፤ ከአህያው የተረፈው ግን በጣት የሚያዝ፣ አንጓው ሳይቀር የሚለይ ረጅም ጭድ። በሬው መልሶ መላልሶ እያመሰኳ ስለሚፈጨው፣ ቅንጣቱ በበቂ ካልደቀቀ በስተቀር ከመጀመሪያዎቹ ክፍሎች አያልፍም። አህያው ግን አንድ ጊዜ አላምጦ ይውጣል፤ የሚብላላውም በኋለኛው አንጀት ውስጥ ነው። ከያንዳንዱ ጉርሻ የሚያገኘው ያነሰ ቢሆንም ቶሎ ስለሚያሳልፈው አብዝቶ መብላት ይችላል፤ ለበሬ የማይበቃ ደካማ ገለባ ለአህያ የሚበቃበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሁለቱ የታጠቡ ናሙናዎች ደርቀው በጠርሙስ ተቀምጠዋል።

በዚያው ሳምንት የፀጉር መለያ ሠርተናል። በመስታወት ስላይድ ላይ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም በስሱ ተቀብቶ አንድ ዘለላ ፀጉር ይጋደምበትና ሲደርቅ ይነሣል፤ የፀጉሩ የቅርፊት አሻራ ቀለሙ ላይ ይቀራል። የበግ ጠጉር፣ የአህያና የፍየል ፀጉር አሻራ በማይክሮስኮፕ ሥር አይመሳሰሉም። ሥጋ በሎች ፀጉርን መፍጨት ስለማይችሉ ከዐይነ ምድራቸው ውስጥ በሚገኘው ፀጉር ምን እንደበሉ የሚታወቀው በዚህ መንገድ ነው።

ለዚህ ዘዴ ከአገራችን የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በትግራይ የሚኖሩ ጅቦችን ዐይነ ምድር ከዐቢይ ጾም በፊት፣ በጾሙና ከጾሙ በኋላ መርምሮ፣ ሰዎች ለ55 ቀን ከሥጋ ሲከለከሉና የሚጣለው የእርድ ተረፈ ምርት ሲቀንስ ጅቦቹ በአህያ ላይ ይበልጥ እንደሚበረቱ፣ ጾሙ ሲፈታም የአህያው ድርሻ መልሶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። የአንድ አውሬ አመጋገብ የሰዎችን የጾም አቆጣጠር ተከትሎ ሲለዋወጥ ማየት፣ «ጅብ ሥጋ በል ነው» ብሎ ከማለፍ ምን ያህል እንደሚሰፋ ተማሪዎቹ ወዲያው ገብቷቸዋል። የጅብ ዐይነ ምድር ሲደርቅ ነጭ የሚሆነውም በጥርሱ ጨፍልቆ ከሚበላው አጥንት በሚቀረው ካልሲየም ነው።

ታኅሣሥ

የዱር እንስሳቱ ካርድ በሚዘጋጅበት ጊዜ ሦስቱ ዐምዶች መጥበባቸው ይበልጥ ታይቷል። የወንድ ጭላዳ ዝንጀሮን ሥዕል ያየ ተማሪ ሁሉ ረጃጅም ክራንቻዎቹን ተመልክቶ ሥጋ በል ይለዋል። ጭላዳ ግን በዛሬው ዘመን በሕይወት ካሉት የዝንጀሮና የጦጣ ዘመዶች መካከል በዋናነት ሣር በመጋጥ የሚኖር ብቸኛው ነው፤ ክራንቻው ለጠብና ለማስፈራራት እንጂ ለምግብ አይደለም። አመጋገቡን የሚናገሩት አነስ ያሉት የፊት ጥርሶቹ፣ ከፍ ያሉት የመንጋጋ ጥርሶቹና ሣሩን አንድ በአንድ የሚነጭባቸው አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ናቸው። በበጋ ሣሩ ሲደርቅ ሥር ቆፍሮ ይበላል። በ2009 እ.ኤ.አ. ደግሞ የበረሃ አንበጣ የመንዝን ጓሳ በወረረ ጊዜ ጭላዳዎቹ አንበጣ እየለቀሙ መብላታቸው ተመዝግቧል።

በዚያው በጓሳ ቀይ ቀበሮ በጭላዳዎቹ መንጋ መካከል ገብቶ አይጥ ያድናል፤ ዝንጀሮዎቹም አይሸሹትም። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እንደሚለው፣ ቀበሮው በመንጋው ውስጥ ሲያድን ከሙከራዎቹ 67 በመቶ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲሆን ግን 25 በመቶ ብቻ። ቀይ ቀበሮ ምግቡ ከሞላ ጎደል አይጥና የአይጥ ዘመዶች ስለሆኑ ለሥጋ በልነት ከእርሱ የተሻለ ምሳሌ የሚገኝ አይመስልም። ሆኖም በ2024 እ.ኤ.አ. ከባሌ ተራሮች በወጣ ሌላ ጥናት ቀይ ቀበሮዎች የአንድ ቀይና ቢጫ አበባ ወለላ ሲልሱ፣ አንዳንዶቹም በአንድ ጉዞ እስከ 30 አበባ ሲያዳርሱ ታይተዋል።

ለኋላ ያቆየነው የውሻ ካርድም እዚህ ላይ ተነሥቷል። በጥርሱም በዝርያውም ከሥጋ በሎች የሚመደበው ውሻ በየቤታችን የሚያድረው በእንጀራ ፍርፋሪ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ የዘር ምርምር፣ ስታርችን የሚያፈርሰውን ኬሚካል የሚያዝዘው ዘረ መል በተኩላ 2 ቅጂ ብቻ ሲሆን በውሻ ከ4 እስከ 30 እንደሚደርስ አሳይቷል፤ ከሰው ጋር መኖር የሆድ ዕቃውን አሠራር ለውጦታል ማለት ነው። ድመት ግን እዚያው ጽኑ ሥጋ በልነቷ ላይ ናት፤ የጣፋጭን ጣዕም እንኳ አትለይም።

ከብዙ ክርክር በኋላ በእያንዳንዱ ካርድ ላይ የሚሰፍረው ተወስኗል። የመጀመሪያው መስመር አካሉ የሚመሰክረውን፣ ሁለተኛው በተግባር የሚበላውን፣ ሦስተኛው ምግቡን የት እንደሚያብላላ፣ አራተኛው በወቅት የሚለዋወጥ ከሆነ እንዴት እንደሚለዋወጥ ይይዛል። ሦስቱን ዐምዶች አልጣልናቸውም፤ ለጀማሪ መግቢያ ሆነው ይቆያሉ። ሥጋ በሎች ግን ከምግባቸው ከ70 በመቶ በላይ ሥጋ የሆነው ለብቻ፣ ሥጋው ከዚያ የሚያንሰው ለብቻ ይደረደራሉ።

ጥር

ከገና በኋላ የፍየል ራስ ቅል ተገኝቷል። የፍየልና የበግ ጥርስ ቁጥሩ አንድ ስለሆነ ልዩነታቸው ከአጥንት ይልቅ በባሕርይ ይታያል፤ በግ አጎንብሶ ሣር ሲግጥ ፍየል በኋላ እግሯ ቆማ ከቁጥቋጦ ቅጠል ትቀነጥባለች። ጀርመናዊው ሬይንሆልድ ሆፍማን በ1989 እ.ኤ.አ. የሚያመሰኩ እንስሳትን ቅጠል መራጮች፣ መካከለኞችና ሣር ጋጮች ብሎ ሲመድብ ፍየልን ከመካከለኞቹ፣ በግን ከሣር ጋጮቹ ጋር አስቀምጧል። የዕፅ በሎቹ መደርደሪያ በዚሁ ቅደም ተከተል ተስተካክሏል።

ተማሪዎቹ ለበዓሉ ከታረዱት ዶሮዎች ጡንቻማውን ጨጓራ አምጥተዋል። ስንሰነጥቀው በውስጡ ጠጠር፣ የጤፍና የስንዴ ፍሬ፣ በአንዱም የጥንዚዛ ክንፍ ተገኝቷል። ዶሮ ጥርስ ስለሌላት የምትፈጨው በዋጠችው ጠጠር ነው። ፍሬውና ነፍሳቱ በአንድ ሆድ ውስጥ በመገኘታቸው ሁሉን በልነት በዓይን የሚታይ ማስረጃ አግኝቷል፤ ጠጠሩም ታጥቦ በትንሽ ብልቃጥ ተቀምጧል።

በወሩ መጨረሻ ካርዶቹን አንሥተን ስብስቡን ሥራው ውስጥ ላልነበሩ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች አሳይተናል። የበሬውን መንጋጋ ብዙዎቹ ከላይ የፊት ጥርስ አለመኖሩን ጠቅሰው በትክክል አነበቡት። በውሻው ላይ ግን ሁለት ወገን ሆኑ፤ አንደኛው ወገን መቀሱን፣ ሌላው ጠፍጣፋዎቹን ጥርሶች እየጠቆመ ተከራከረ። ቀጣዩ ሥራ የጉጉትን ትፍ መፈታታት ነው፤ ጉጉት የዋጠችውን አይጥ ፀጉርና አጥንት ጠቅልላ መልሳ ስለምትተፋው፣ ለዚህ የሚሆኑ ወንፊትና ወረንጦ ተዘጋጅተዋል፤ ትፉን ለማንሣት ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነም የኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን የሚጠይቅ ደብዳቤ በትምህርት ቤቱ በኩል ተጽፏል።